አጎትሽን በይው

«አጎትሽን፣ ቢጫው የጥለት ክር አልቋል በይው» አለ ሙደሲር፣ ጣሪያውን እያየ።

አጎትየው ሳላዲን ያለው እዚያው ነው። በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ረጅም ባንኮኒ፣ ከወንድሙ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጦ ሻዩን ፉት ይላል። ጆሮው ደግሞ ማሻአላህ ነው፤ ሦስት ሱቅ አልፎ ያለ ነጋዴ ስለ እሱ ቢያንሾካሹክ ይሰማል። ይህችን ግን አልሰማም። በሁለቱ መካከል በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ረይሐና ከላፕቶፗ ቀና ብላ «አጎቴ፣ ቢጫው የጥለት ክር አልቋል ይልሃል አባ» እስክትለው ድረስ ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። ከነገረችው በኋላ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ቅንድቡን ሰቀለ፣ «አልቋል? መቼ?» ብሎ ከልቡ ደነገጠ። ከዚያ ወደ እሷ ዘንበል አለና «አባትሽን፣ ትናንት አዝዣለሁ፣ ነገ ከአዲስ አበባ ይገባል በይው» አለ። ሙደሲር ጣሪያውን እያየ ጠበቀ። ልጁ ዞር ብላ እስክትነግረው ድረስ እሱም አልሰማም።

ከዒድ ወዲህ ኑሮው እንዲህ ሆኗል። ሱቁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ነው፤ ከጨንቻ ለሚወርዱ ሸማኔዎች ድርና ማግ፣ የጥለት ክር፣ የነጠላ ዘርፍ ማሰሪያ ሳይቀር በጅምላ ይሸጣል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በቀለም የታጨቀ ነው፤ ከላይ አንድ ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያመላለሰ ሲጢጥ ይላል። ረይሐና በኮምፒውተር ትምህርት በማዕረግ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች፤ ጥቁር ጋዋኗን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ከአባቷ ራስ በላይ ተሰቅሏል፤ ከፎቶው በታች ደግሞ ራሷ ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለሌላው ታቀብላለች። የገበያው ሰው «ስልኳ» ይላታል። «መንግሥት ሥራ ቢነፍጋት አባትና አጎቷ ቀጠሯት» እያሉ የሚስቁም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እናቷ ባህሪያ ብቻ ናት የማትስቀው። «የወለድኩት ልጅ ነበር፤ እናንተ ቀፎ አደረጋችኋት» ትላለች ምሳ ይዛ በመጣች ቁጥር።

ጠቡን ያመጣችው አንዲት ቃል ናት። ሳላዲን ታላቅ ወንድሙን ዕድሜ ልኩን «ጋሼ» እና «አንቱ» እያለ ነው የኖረው። የዒድ ሰሞን፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ሙደሲር ለአንድ ሸማኔ አረንጓዴ ክር ብሎ ቀዩን አነሣለት። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ መነጽር ግን አያደርግም፣ መነጽር የሽማግሌ ነው ባይ ነው። ሳላዲን በዚያ ጥድፊያ መካከል «አንተ! አይታይህም እንዴ?» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቃሏ ካፉ ስትወጣ ራሱም ደንግጧል፤ ግን ደንጋጭና ይቅርታ ጠያቂ አንድ አይደሉም። ሙደሲር ክሩን አስቀመጠ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከጣሪያው አልወረደም።

የሚያስቀው ደግሞ፣ ያ ሸማኔ ራሱ ሰውን ሁሉ «አንተ» ማለቱ ነው። ስሙ ጥዑመልሳን ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አማርኛውን ሳይሰሙ መሆን አለበት። በጋሞኛ ሲናገር የሚደመጥ ሰው ነው፣ ዱቡሻ በሚባለው የሽምግልና አደባባይ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ይቆማል፤ አማርኛ ላይ ግን ትልቅ የለ ትንሽ፣ ወንድ የለ ሴት፣ ሁሉም «አንተ» ነው። ሙደሲርን «አንተ ሙደሲር፣ ክር አምጣ» ይለዋል፤ ሙደሲር እየሳቀ ያመጣል። ረይሐናም አባቷን «አንተ» ነው የምትለው፤ ይህም አስቆጥቶት አያውቅም። ጥዑመልሳን ሊያስታርቃቸው መጥቶ ነበር። ሁለቱም በየተራ «ማን ተጣላ?» አሉት። ያልተጣላ ሰው እንዴት ይታረቃል? ራሱን ነቅንቆ ክሩን ተሸክሞ ወደ ጨንቻው ወጣ።

ዛሬ ግን ለረይሐና ሌላ ቀን ነው። ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ለኔትዎርክ ቤተ ሙከራው ረዳት ይፈልጋል፤ የተግባር ፈተናው ዛሬ ከሰዓት ነው። ቦታው አንድ፣ ለተግባር የተመረጡት ሦስት። የፈተናው ርዕስ ሲነገራት ግን ጆሮዋን ተጠራጥራለች፦ ፍሬም ሪሌይ፣ ያ የድሮው የኔትዎርክ ማገናኛ ዘዴ። ይህ ዓለም ጥሎት የሄደ ነገር ነው፤ ፋይበር ከመጣ ወዲህ የሚያነሣው ሰው የለም። ጓደኞቿ «በፈረስ ጋሪ መንጃ ፈቃድ ልትፈተኚ ነው» ብለው ሥቀውባታል። ግን ኮሌጁ ከአንድ ለጋሽ የተቀበለው አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ አሮጌ ራውተር አለው፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አቶ ተክለወልድ ደግሞ አሮጌው ያልገባው ሰው አዲሱን ቢሸመድደው እንጂ አያውቀውም የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ረይሐና ላለፉት ሳምንታት ባንኮኒው ላይ፣ በክር ጥቅልና በሻይ ብርጭቆ መካከል፣ ላፕቶፗ ላይ በጫነችው የኔትዎርክ ማስመሰያ ፕሮግራም ስትለማመድ ከርማለች። ሁለት ራውተር ታስቀምጣለች፣ መሀል ላይ አንድ አቀባይ መሣሪያ ታደርጋለች፣ ለመስመሩ ቁጥር ትሰጣለች፣ ከዚህ ወደዚያ ትጣራለች። ሳይደርስ ሲቀር ስክሪኑ አምስት ነጥብ ይደረድራል፤ ሲደርስ አምስት ቃለ አጋኖ። ቃለ አጋኖ ባየች ቁጥር የሠርግ እልልታ የሰማች ያህል ደስ ይላታል።

ባህሪያ ምሳ ይዛ ስትገባ ልጇ ስክሪኑ ውስጥ ሰጥማ ነበር።

«ረይሐና!»

«ምን?»

«ምን አይባልም! አቤት ነው!» አለች ባህሪያ፣ ሳህኑን ባንኮኒው ላይ ቁጭ አድርጋ። «እነዚህ ሁለቱ ስንት ዓመታቸው ነው? አባታቸው አላህ ይርሐማቸውና ጆሯቸውን እየቆነጠጡ ነው አቤት ያስተማሯቸው። ዛሬም ድረስ በሕልማቸው ብትጠሪያቸው አቤት ይሉሻል።»

ሁለቱም ወንድማማቾች እኩል ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኩል መነቅነቃቸውን ሲያዩ አንዱ ወደ ጣሪያው፣ ሌላው ወደ ሻዩ ተመለሰ።

«አቤት፣ እትዬ» አለች ረይሐና።

እዚህ ላይ ባህሪያ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በረጅሙ ተነፈሰች። የገዛ ልጇ «እትዬ» ነው የምትላት፤ «እማ» ብላት አታውቅም። ረይሐና አፏን ስትፈታ ሳላዲን እነሱ ቤት ነበር የሚኖረው፤ የታላቅ ወንድሙን ሚስት በወጉ «እትዬ» ይላታል። ሕፃኗ የሰማችውን ያዘች። ሰፈሩም ሳቀ፣ እናትም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ልታስተካክላት ሞከረች፣ አልሆነም። «ዘጠኝ ወር አርግዤ እትዬ» ትላለች ባህሪያ እስከ ዛሬ፣ ለሚሰማት ሁሉ።

ምሳው የዓባያ አሳ ነበር፣ ዳታ የሚሉት የቃሪያ ማባያ ተጨምሮበት የሚያቃጥል። እየበሉ ባህሪያ ለመሆኑ የምትፈተኚው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች፤ ረይሐናም የቻለችውን ያህል አስረዳች። ሁለት ቢሮ አለ እንበል፣ አንዱ አርባ ምንጭ፣ አንዱ ጨንቻ። በቀጥታ አይገናኙም። መሀል ላይ አንድ አቀባይ አለ። የአርባ ምንጩ መልእክቱ ላይ የመስመር ቁጥር ለጥፎ ለአቀባዩ ይሰጣል፤ አቀባዩ ቁጥሩን አይቶ ለጨንቻው ያደርሳል። አቀባዩ ደግሞ በሕይወት መኖሩ እንዲታወቅ በየጊዜው «አለህ?» ይባላል፣ «አለሁ» ይላል።

ባህሪያ ጉርሻዋን በእጇ ይዛ ባሏን አየች፣ ዋርሳዋን አየች፣ መሀል ያለችውን ልጇን አየች። «ይሄን ለመማር ነው አራት ዓመት የፈጀሽው?» አለች።

ረይሐና ሣቀች። የእናቷ ቀልድ ከፈተናው ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ ያኔ አልገባትም። አባቷ ዱዓ አደረገላት፤ አጎቷም ዱዓ አደረገላት፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ጀመረ እንጂ አብረው አላደረጉም። ሁለቱም እንድታልፍ ከልባቸው ይፈልጋሉ። ሁለቱም ደግሞ ይህች በርጩማ ባዶ ስትሆን ምን እንደሚውጣቸው በየልባቸው አስበዋል፤ ማሰባቸውን ረይሐና ከዱዓው ርዝመት አውቃለች። ልቧ ትንሽ ከበዳት። ብትወድቅ እዚሁ በርጩማ ላይ ማርጀቷ ነው፤ ብታልፍ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ባንኮኒ ላይ ዲዳ ሆነው ሊቀሩ ነው።

ባጃጁ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት እያጓራ ወጣ። ነጂው ነዳጅ ተወዷል ብሎ በታሪፉ ላይ የራሱን ጨምሯል፤ አንዲት የሙዝ ዘለላ የታቀፈች ሴትዮ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ስትሟገተው ቆይታ በመጨረሻ ሁለት ሙዝ ጨምራ ወረደች። ረይሐና ምንም አልሰማችም። በሐሳቧ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ትደግም ነበር። ወደ ኋላ ዞር ስትል የዓባያ ቀይ ውሃ ከታች ተዘርግቶ አየችው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደዚሁ ረጋ በይ ብላ ራሷን መከረች።

አቶ ተክለወልድ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰኩ ሰው ናቸው። ስልኮቹን ሁሉ ሰብስበው ጠረጴዛቸው ላይ ደረደሩ። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ሁለት ሁለት ራውተር፣ አንዱ ላይ «አርባ ምንጭ»፣ አንዱ ላይ «ጨንቻ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። አቀባዩን መሣሪያ አስቀድመው አዘጋጅተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል፤ እሱን መንካት አይቻልም። ሰሌዳው ላይ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አርባ ምንጭ 102፤ ጨንቻ 201።» ከዚያ «ጀምሩ» አሉና ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

ረይሐና ጣቷን አፍታትታ ጀመረች። አርባ ምንጭ ያለውን ራውተር ከፈተች። ወደ ጨንቻ መሄድ ነው የምፈልገው አለች በሐሳቧ፤ የጨንቻ ቁጥር 201 ነው፤ ስለዚህ 201። ጻፈች። ጨንቻ ወዳለው ዞረች፤ ወደ አርባ ምንጭ፣ 102። ጻፈች። ተጣራች።

አምስት ነጥብ።

አድራሻዎቹን ፈተሸች፤ ልክ ናቸው። ኬብሉን ነቅላ ሰካች። እንደገና አምስት ነጥብ። የመስመሩን ሁኔታ አሳየኝ ብላ አዘዘች፤ ራውተሩም 201 ተሰርዟል አለ። ተሰርዟል! ገና አሁን የጻፈችው። ከአጠገቧ ያለው ሶፎንያስ የሚባል ከሐዋሳ የመጣ ልጅ ጣቱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሄዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ አምስት ቃለ አጋኖ ተደረደረ። እጁን አነሣ፣ ተክለወልድ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሶፎንያስም ተዝናንቶ እግሩን ዘረጋ። ረይሐና ላብ ላብ አላት። ሱቅ ውስጥ ስንት ጊዜ የሠራችው ነገር ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ስትለማመድ ለሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር የምትሰጠው፣ መቶና መቶ፤ ቢገለባበጥም መቶ ያው መቶ ነው። ለምን አሁን እምቢ እንዳለ አልታያትም። ሰዓቱ ይሄዳል፤ በርጩማዋም ታየቻት።

ያን ጊዜ ነው የተክለወልድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ተንቀጥቅጦ ቆመ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር እየተንፏቀቀ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ደረሰ፤ ተክለወልድ አየር ላይ ቀለቡት። ረይሐና የራሷ መሆኑን አይታ ዓይኗን ጨፈነች። የዚያ ስልክ ጆሮው ከተበላሸ ቆይቷል፤ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አይሠራም።

«ሃሎ» አሉ ተክለወልድ፣ ሊዘጉት ሲሉ ሳይሆንላቸው ቀርቶ ተከፍቶባቸው።

«አጎትሽን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የት አደረግኸው በይው!» አለ የሙደሲር ድምፅ፣ ክፍሉን ሞልቶ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ፈተና ላይ ናት። እኔ ፈታኟ ነኝ።»

የማራገቢያው ሲጢጥታ ከሲቀላ ድረስ ተሰማ። «አሰላሙ አለይኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሙደሲር፣ በጣም ዝቅ ብሎ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ ደንበኛ ቆሞበታል መሰል፣ «እንግዲህ እርስዎ ካነሡት፣ ለአጎቷ አንዴ ይንገሩልኝ» አለ።

«አጎቷ የት ናቸው?»

«እዚሁ አጠገቤ።»

ተክለወልድ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው አዩት፣ የተበላሸው እሱ ይመስል። «ታዲያ ለምን እርስዎ አይጠይቋቸውም?»

ሶፎንያስ አፉን በእጁ ይዟል። ረይሐና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። ተክለወልድ ግን የአቀባይነት ነገር ዕድሜ ልካቸውን የወደዱት ሙያ ስለሆነ ይሁን፣ ነገሩ ስለ ገረማቸው፣ «ስልኩን ይስጧቸው» አሉ። ስልኩ እጅ ሲለውጥ ተሰማ። «አቤት» አለ ሳላዲን።

«ወንድምዎ የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ ይጠይቃሉ።»

«እሱ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ጠዋት ራሱ ነው የከተተው። አባትሽን እንዲህ በ… ይቅርታ፣ እንዲህ ይበሉልኝ።»

«እሺ፣ ስልኩን ይመልሱላቸው።» እጅ ለውጦ ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ቁልፉ እርስዎ ኮት ኪስ ውስጥ ነው ይላሉ።» ከወዲያ የኮት መንኮሻኮሽ ተሰማ፣ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፣ «አላህ ይስጥልኝ» የሚል ሐፍረት የተቀላቀለበት ድምፅ ተሰማ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ክፍሉ በሣቅ ሲፈርስ ረይሐና ብቻ አልሣቀችም። ሐፍረቷን ረስታ አንድ ነገር ይዟታል። አባቷ «አጎትሽ» ብሎ የላከው፣ ተክለወልድ እጅ ሲገባ «አጎትሽ» ሆኖ አልቀጠለም። ሳላዲን ጋ ሲደርስ «ወንድምዎ» ሆኗል። «እሱ ኮት» ብሎ የተነሣው ደግሞ አባቷ ጋ ሲገባ «እርስዎ ኮት» ሆነ። ሰውዬው አንድ፣ ኮቱ አንድ፣ ስሙ ግን በየበሩ ይለወጣል፤ የሚለውጠውም መሀል ያለው ነው። እሷ ራሷ ከዒድ ወዲህ በቀን ስንት ጊዜ ስትለውጥ የዋለችው ነው፤ ሳታየው።

ወደ ሰሌዳው ቀና አለች። 201 የጨንቻ ስም አይደለም። ጨንቻ ያለው በር ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ከአርባ ምንጭ በር በ102 የወጣውን ወደ 201 የሚለውጠው መሀል ያለው አቀባይ ነው። እሷ አርባ ምንጭ በር ላይ ቆማ የጨንቻን ቤት ቁጥር ይዛ ነበር የምትጣራው፤ ልክ ሕፃን ሆና ከአጎቷ አፍ የወደቀውን «እትዬ» አንሥታ የገዛ እናቷን እንደ ጠራችበት። ዕድል ሆኖ እናትየው ገባት፤ ራውተሩ ግን እናት አይደለም። ሁለቱን ቁጥር ደመሰሰች። አርባ ምንጭ ላይ 102፣ ጨንቻ ላይ 201። ቢስሚላህ ብላ ተጣራች።

አምስት ቃለ አጋኖ። በወንበሯ ላይ ሆና እልል ልትል ትንሽ ነው የቀራት።

ፈተናው ሲያልቅ ተክለወልድ ሦስቱንም በየተራ እየጠሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ ለምን አርባ ምንጭ ላይ 102፣ ጨንቻ ላይ 201? ሥራው ተማሪ ማስረዳት ነውና። ሶፎንያስ ሐቀኛ ልጅ ነው፤ «ያየሁት ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» አለ። ሦስተኛው ተፈታኝ ስለ ስታንዳርድ ረዥም ነገር ተናገረና መሀል ላይ መንገዱ ጠፋው። የረይሐና ተራ ሲደርስ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ የሆነው ይሁን አለች።

«ሳላዲን ለእኔ አጎቴ ነው፤ ለአባቴ ወንድሙ ነው። አባቴ በራሱ በር ላይ ቆሞ ‹አጎቴ› ብሎ ቢጣራ የሚመጣለት ሰው የለም፤ አጎት የለውማ። ቁጥሩም እንደዚሁ ነው። 201 ጨንቻ በር ላይ ነው ትርጉም ያለው። እኔ የሰው ቤት መጠሪያ ወስጄ በራሴ በር ተጣራሁበት። ማን አቤት ይለኛል?»

ተክለወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ ይሄን ትምህርት ሳስተምር ሸበትኩ» አሉ። «እንዲህ አስረድቼው አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ነይ። አባትሽን ግን በሥራ ሰዓት እንዳይደውሉ አስጠንቅቂልኝ።» ትንሽ አሰቡና «አጎትሽንም» አሉ።

ወደ ሲቀላ ስትወርድ ባጃጁ ውስጥ ብቻዋን ትሥቅ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሳ ገበያው ሲታያት ግን ሣቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሰኞ። ሰኞ ጠዋት ቢጫው ክር ቢያልቅ ማን ይናገራል? ለማን? ያ ሁሉ ዘመን «ጋሼ» የሚባል ሰውና ያ ሁሉ ዘመን «ጋሼ» የሚል ሰው፣ በአንዲት በርጩማ ባዶነት ተለያይተው ሊቀሩ ነው። አዘነችላቸው። ተናደደችባቸውም፤ ሁለቱንም ስለምትወድ እኩል ተናደደች።

ሱቅ ስትደርስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ጥዑመልሳን የገዛውን ክር በገመድ እያሰረ በሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል። «አንተ ልጅ! ፈተናው እንዴት ነው?» አላት። ውስጥ አባቷ በዚህ ጫፍ፣ አጎቷ በዚያ ጫፍ፣ ሁለቱም የስልኩ ነገር ስላሳፈራቸው አንገታቸውን ሰብረው ተቀምጠዋል። በርጩማው መሀል ላይ ይጠብቃታል። አልተቀመጠችበትም። ሄዳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አገኘሁ፣ አባ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ሙደሲር ተነሣ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ደግሞ አለ፣ ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሯን ሳመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ደስታ ብቻውን የሚያዝ አይደለም፤ ሰው ደስ ሲለው ዞር ብሎ አብሮት የሚደሰት ይፈልጋል፤ የሙደሲር አንገት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚዞረው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ሊዞር ሲል ትዝ አለው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«አጎትሽን…» አለ። «አጎትሽን፣ ልጅቷ ሥራ አገኘች በይው።»

ሳላዲን አንድ ክንድ ርቆ ብርጭቆውን አየር ላይ ይዞ ቀርቷል። ከንፈሩ በራሱ ፈቃድ ሊፈግግ ይታገለዋል፤ ግን ገና አልሰማም።

«አልልም» አለች ረይሐና።

ጥዑመልሳን የሚያስረውን ገመድ ለቀቀ።

«እሱ ለእኔ ነው አጎቴ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያንተ ምንህ ነው? በራስህ ስም ጥራው።»

ማራገቢያው ሲጢጥ አለ። ሙደሲር ጣሪያውን ብዙ አየው፤ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወረደ፣ በመደርደሪያው፣ በቀዩ ክር፣ በአረንጓዴው ክር፣ በባንኮኒው ላይ እያለፈ ወረደና ከዒድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙ ላይ አረፈ። የሳላዲን ጺም ሸብቷል። መቼ ሸበተ? አጠገቡ ተቀምጦ አላየውም።

«ሳላዲን!» አለ።

«አቤት ጋሼ!»

ኩራቱ ሳይደርስበት፣ አፉን ሳያስፈቅደው፣ ጆሮው የተቆነጠጠ ያህል ፈጥኖ ነው የወጣው። ሳላዲን ካለው በኋላ ተነሥቶ መቆሙንም ያወቀው ቆሞ ራሱን ሲያገኘው ነው። ሁለቱ ተያዩ።

«ረይሐና ሥራ አገኘች» አለ ሙደሲር።

ሳላዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቅንድቡን ሰቀለ።

«አገኘች? መቼ?» አለ፣ ከልቡ ደንግጦ።